ደሴትን ከደሴት በድልድይ ማገናኘት፦ የአካሺ 1,991 ሜትር ከየት መጣ?

ጃፓን ውስጥ የኮቤ ከተማን ከአዋጂ ደሴት የሚያገናኘው የአካሺ ካይክዮ ተንጠልጣይ ድልድይ በሁለቱ ማማዎቹ መካከል 1,991 ሜትር ርቀት አለው። ኤፕሪል 5 ቀን 1998 ከተከፈተ ጀምሮ ቱርክ በ2022 የቻናካሌን ድልድይ በ2,023 ሜትር እስክትከፍት ድረስ የዓለምን ክብረ ወሰን ይዞ ቆይቷል (የጃፓን፣ የዴንማርክና የሌሎች አገሮች ዓመታት እዚህ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። መጠኑን ለመገመት፣ ባሕር ዳር ላይ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ከጫፍ እስከ ጫፍ 380 ሜትር ነው። አምስቱን ቀጣጥለን በአካሺ ሁለት ማማዎች መካከል ብናስገባቸው ገና ቦታ ይተርፋል።

እንዲህ ያለ ቁጥር ሲነገር ብዙ ሰው “ክብረ ወሰን ለመስበር ነው” ይላል። ድልድይ የሚያቅድ ሰው ግን ረጅም ስፓን አይወድም። ስፓን የሚባለው ከሥር ድጋፍ ሳይኖረው በሁለት ማማዎች መካከል የሚንጠለጠለው ክፍል ነው፤ በረዘመ ቁጥር ወጪውም ጣጣውም ከርዝመቱ በላይ ያድጋል። የአካሺን 1,991 ሜትር ያስገደዱት መርከቦች፣ የውሃው ጥልቀት፣ ሞገዱ እና ከባሕሩ ወለል በታች ያለው አፈር ናቸው። የመጨረሻዋን አንድ ሜትር ደግሞ ማንም አላቀዳትም፤ እሷ የመጣችው ከመሬት መንቀጥቀጥ ነው።

ከሥዕሉ በፊት ያለው ሥራ

የሺኮኩ ደሴት ሰው ወደ ዋናው ደሴት ወደ ሆንሹ የሚሻገረው በመርከብ ነበር። ሜይ 11 ቀን 1955 ሺውን ማሩ የተባለችው መንገደኛ አመላላሽ መርከብ በታካማትሱ አቅራቢያ ጉም ውስጥ ከሌላ መርከብ ጋር ተጋጭታ ሰጠመች። 168 ሰዎች ሲሞቱ አብዛኞቹ በትምህርት ቤት ጉዞ ላይ የነበሩ ተማሪዎች ነበሩ። “ድልድይ ይሠራልን” የሚለው ጥያቄ ከዚያ በኋላ የማይገፋ ሆነ። መንግሥት በ1970 የሆንሹ ሺኮኩ ድልድዮች ባለሥልጣን የተባለ ተቋም አቋቁሞ በሦስት መስመሮች ማቀድ ተጀመረ። ቁፋሮው ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ግን የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ሁሉንም አስቆመው።

የመስመር ምርጫ የሚጀምረው ካርታ ላይ መረማመጃ በመፈለግ ነው። በሁለት ትልልቅ ደሴቶች መካከል ትንንሽ ደሴቶች ካሉ ሥራው ይቀላል፤ እያንዳንዷ ደሴት ደረቅ መሠረት፣ የዕቃ ማከማቻ እና የኬብል ማሰሪያ ትሆናለች። በኤፕሪል 1988 የተከፈተው መካከለኛው መስመር፣ ታላቁ የሴቶ ድልድይ፣ በአምስት ደሴቶች ላይ እየተረማመደ የሚያልፍ የስድስት ድልድዮች ሰንሰለት ነው። በላዩ መኪና፣ በሥሩ ባቡር ይሄድበታል፤ ሆኖም ትልቁ ስፓን 1,100 ሜትር ብቻ ነው። በ1999 የተጠናቀቀው ምዕራባዊው መስመርም 60 ኪሎ ሜትር ያህል ከደሴት ደሴት እየዘለለ ይሻገራል። ምሥራቃዊው መስመር አዋጂን የመሰለ ሰፊ መረማመጃ አለው፤ በኮቤና በአዋጂ መካከል ባለው 4 ኪሎ ሜትር ውሃ ላይ ግን አንዲት ድንጋይ እንኳ ብቅ አትልም።

“ታዲያ ለምን ዋሻ አልተቆፈረም?” ለሚል፣ ሒሳቡ አጭር ነው። የአካሺ ሰርጥ እስከ 110 ሜትር ይጠልቃል። ከዋሻው ጣሪያ በላይ 50 ሜትር አለት ይቅር ብንል መንገዱ 160 ሜትር መውረድ አለበት። ከባድ መኪና ሳይቸገር የሚወጣው ዳገት በ100 ሜትር 3 ሜትር ነው ብንል መውረጃው ብቻ ከ5 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ መውጫውም ያንኑ ያህል ነው። አራት ኪሎ ሜትር ውሃ ለመሻገር ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ ዋሻ መቆፈር፣ የመኪና ጭስም ከዚያ ሁሉ ርዝመት እየሳቡ ማውጣት ያስፈልጋል። ለባቡር ዳገቱ ከዚህም በጣም ዝቅ ማለት አለበት። ሆንሹን ከሆካይዶ የሚያገናኘውና በ1988 የተከፈተው የሴይካን የባቡር ዋሻ ከባሕሩ በታች ያለው ክፍል 23.3 ኪሎ ሜትር ሲሆን ጠቅላላው 53.85 ኪሎ ሜትር የሆነው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

እግር የት ይቁም?

በአካሺ ሰርጥ በቀን ወደ 1,400 መርከቦች ያልፋሉ። ለእነሱ የተከለለው መስመር 1,500 ሜትር ስፋት አለው፤ ስለዚህ በእነዚያ 1,500 ሜትሮች ውስጥ እግር መትከል ከመጀመሪያው የተዘጋ ጉዳይ ነው። ታዲያ ስፓኑ ለምን በ1,500 ወይም በ1,600 ሜትር አልቀረም? ከመስመሩ ዳር ወዲያ ያለው ውሃ ገና ጥልቅ ስለሆነ ነው። ማማውን ወደ ባሕሩ ዳር በገፉት ቁጥር ውሃው ይሳሳል፣ መሠረቱም ይረክሳል፤ በአንጻሩ ስፓኑ ይረዝማል፣ ኬብሉ ይወፍራል፣ ማማውም ከፍ ይላል። አቃጁ አንዱ ወጪ ሲወርድ ሌላው ሲወጣ እያሰላ የሁለቱ ድምር ዝቅ የሚልበትን ቦታ ይፈልጋል። በአካሺ ያ ቦታ 2,000 ሜትር አካባቢ ላይ ተገኘና ዕቅዱ 1,990 ሜትር ተብሎ ጸደቀ። እንዲያም ሆኖ ማማው የሚቆምበት ውሃ 45 ሜትር ያህል ይጠልቃል።

ጥልቀቱ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ምንም አልነበረም፤ ሥራውን አስቸጋሪ ያደረገው ሞገዱ ነው። ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል ውሃው በሰርጡ ውስጥ በሴኮንድ እስከ 4.5 ሜትር ይሮጣል፤ በቀንም ደጋግሞ አቅጣጫ ይቀይራል። የባሕር ውሃ በዚህ ፍጥነት ሲመጣ ከፊቱ በቆመ ነገር ላይ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 1 ቶን የሚጠጋ ግፊት ያሳርፋል። ጠላቂ ሠራተኛ፣ መቆፈሪያ መሣሪያ፣ የአፈር ናሙና የሚያወጣ መሰርሰሪያ፣ ሁሉም ሞገዱ ለአፍታ የሚረጋበትን ሰዓት ይጠብቃሉ። የሥራ መርሐ ግብር ሲወጣ “በወር ይህን ያህል የሥራ ቀን” ተብሎ ሳይሆን “በቀን ይህን ያህል የረጋ ሰዓት” ተብሎ ካልተቆጠረ ፕሮጀክቱ በመጀመሪያው ዓመት ይንሸራተታል።

አፈሩም አንድ ዓይነት አይደለም። ተንጠልጣይ ድልድይ አራት ትልልቅ መሠረቶች አሉት፤ ሁለቱ ማማዎቹን ይሸከማሉ፣ ሁለቱ ደግሞ በዳርና ዳር ኬብሎቹን ቀስፈው የሚይዙ መልሕቆች ናቸው። በአካሺ አራቱም የተለያየ ዕድል ደረሳቸው። በኮቤ በኩል ያለው መልሕቅ ለስላሳ አለት ላይ፣ የኮቤው ማማ የተጠቀጠቀ ጠጠር ላይ፣ የአዋጂው ማማ ለስላሳ አለት ላይ፣ የአዋጂው መልሕቅ ጠንካራ ግራናይት ላይ ነው። አራት የተለያየ ሥራ ማለት ነው። የኮቤው መልሕቅ ጠንካራ መሬት እስኪያገኝ 85 ሜትር ስፋትና 63.5 ሜትር ጥልቀት ያለው ክብ ጉድጓድ ተቆፍሮለታል። በእንዲህ ያለ ፕሮጀክት ወጪ ከግምት በላይ ሲፈነዳ ምንጩ ብዙ ጊዜ እዚህ ነው፤ በጥቂት ጉድጓዶች ናሙና “መሬቱ ሁሉ እንዲህ ነው” ብሎ መደምደም። ለናሙና ጉድጓድ የሚወጣው ገንዘብ ከጠቅላላው አንጻር ኢምንት ነው፤ በጀት ሲጠብ ግን መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው።

45 ሜትር ውሃ ውስጥ ኮንክሪት መሙላት

የማማው መሠረት በቀላሉ ሲገለጽ ይህን ይመስላል። መጀመሪያ ትልቅ መቆፈሪያ የጫነ መርከብ የባሕሩን ወለል ይቆፍራል። በኮቤው ማማ ቁፋሮው ከውሃው ገጽ 60 ሜትር፣ በአዋጂው 57 ሜትር ድረስ ወረደ። በዚህ መሀል መርከብ ማምረቻ ውስጥ ኬሶን የሚባል የብረት ሲሊንደር ይሠራል፤ አንዱ በሌላው ውስጥ የገቡ፣ ወለል የሌላቸው ሁለት በርሜሎች ማለት ነው። በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ያለው ቀለበት ዝግ ስለሆነ አየሩ ያንሳፍፈዋል። የኮቤው ኬሶን ስፋቱ 80 ሜትር፣ ቁመቱ 70 ሜትር፣ ክብደቱ 15,000 ቶን ያህል ነበር። በጎታች መርከቦች ተስቦ ቦታው ላይ ሲደርስ በገመድ ይወጠራል፤ ከዚያ በቀለበቱ ውስጥ ያሉት ክፍሎች በልክ ውሃ እየተሞሉ ቀጥ ብሎ ይሰምጣል። አንዱ ክፍል ቀድሞ ከሞላ ኬሶኑ ይዘማል፤ ስለዚህ የእያንዳንዱ ክፍል የውሃ መጠን ለብቻው እየተለካ ይሄዳል። ቅርጹ ክብ የሆነው ሞገዱ ከየትም ቢመጣ ተመሳሳይ ፊት እንዲያገኝና ማዕዘኖች ላይ ተጨማሪ አዙሪት እንዳይፈጠር ነው።

ኬሶኑ ከተቀመጠ በኋላ ዋናው አደጋ ከሥሩ ነው። ውሃ በክብ ነገር ጎን ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ የወለሉን ጠጠርና አሸዋ እየጠረገ ከመሠረቱ ጠርዝ ሥር ይቦረቡራል። ብዙ የወንዝ ድልድዮችን የሚጥለውም ይኸው ነው፤ ድልድዩ ከላይ ሳይሰበር ከሥር ይራቆታል። በአካሺ በኬሶኑ ዙሪያ ድንጋይ የሞሉ መረቦች፣ ከእነሱ ወዲያ ደግሞ ከባድ ድንጋዮች ተደርድረዋል። ይህ ተሠርቶ የሚረሳ ሥራ አይደለም፤ በየጊዜው በድምፅ ሞገድ መለኪያ ይታያል፣ የጎደለው ይሞላል።

ቀጥሎ ኮንክሪቱ ነው። ተራ ኮንክሪት ውሃ ውስጥ ሲፈስ ሲሚንቶው ታጥቦ ይሄድና ጠጠርና አሸዋው ብቻ ይቀራሉ። ለዚህ ሥራ የሚያጣብቅ ቅመም የተጨመረበት፣ ውሃ ውስጥ የማይበታተን ኮንክሪት ተዘጋጀ፤ ከተንሳፋፊ ፋብሪካ በቱቦ ወደ ታች እየወረደ ውሃውን ወደ ላይ እየገፋ ይሞላል። ለኮቤው ማማ ብቻ ወደ 265,000 ሜትር ኩብ ፈስሷል። ሌላው ችግር ሙቀት ነው። ሲሚንቶ ሲጠነክር ይሞቃል፤ በዚህ መጠን ሲፈስ መሀሉ ግሎ ዳሩ ሲቀዘቅዝ ኮንክሪቱ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ዝቅተኛ ሙቀት የሚያመነጭ ሲሚንቶ ይመረጣል፣ ሙሌቱም በንብርብር ይከፈላል። በመልሕቆቹ ላይ ደግሞ ነዛሪ ማሽን ሳያስፈልገው በራሱ ክብደት ፈስሶ ጥግ ድረስ የሚሞላ ኮንክሪት ጥቅም ላይ ዋለ፤ መጠኑ 290,000 ሜትር ኩብ ነበር፣ ሁለት ዓመት ተኩል ይፈጃል የተባለውንም ሥራ ወደ ሁለት ዓመት አሳጠረ።

ኬብሉ ራሱን መሸከም አለበት

ማማዎቹ ከባሕር በላይ 298 ሜትር ያህል ይቆማሉ። እያንዳንዳቸው ቀጥ ያሉ ቢሆኑም መሬት ክብ ስለሆነች አናታቸው ከሥራቸው ይልቅ 93 ሚሊ ሜትር ይራራቃል። ይህ በየመጽሔቱ የሚጠቀስ ማራኪ ቁጥር ነው፤ ለሥራው ግን ከዚያ ይልቅ ከኬብሉ ጋር የተያያዙት ቁጥሮች ይበልጣሉ።

ኬብሎቹ ሁለት ብቻ ናቸው። የእያንዳንዱ ውፍረት 1.12 ሜትር ሲሆን 290 እሽጎች አሉት፤ በእያንዳንዱ እሽግ 127 ሽቦዎች ይገኛሉ፣ የአንዱ ሽቦ ውፍረት 5.23 ሚሊ ሜትር ነው። ሲባዛ በአንድ ኬብል 36,830 ሽቦ ይሆናል። በሁለቱም ኬብሎች ያለው ሽቦ አንድ ላይ ቢቀጣጠል 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል።

አሁን ክብደቱን እናስላ። የሽቦዎቹ ብረት ብቻ በአንድ ሜትር ኬብል 6.2 ቶን ይመዝናል። ኬብሉ በስፓኑ መሀል የሚረግበው የስፓኑን አንድ አሥረኛ ያህል ነው። በዚህ ቅርጽ የተንጠለጠለ ኬብል ምንም ሳይጫንበት፣ በራሱ ክብደት ብቻ፣ ከ15,000 ቶን በላይ ይወጠራል። ሁሉ ነገር ሲጫንበት አንዱ ኬብል የሚሸከመው ውጥረት ወደ 60,000 ቶን ነው። ከጉልበቱ ሩቡ ራሱን ለመሸከም ያልቃል ማለት ነው። “እንግዲያው እናወፍረው” ማለት አያዋጣም፤ ሲወፍር ክብደቱም አብሮ ይጨምራል፣ ከራሱ ክብደት የተነሣ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር ላይ ያለው ውጥረት ግን አይቀንስም። ስፓኑ በእጥፍ ሲረዝም ደግሞ በራሱ ክብደት የሚመጣው ውጥረት በእጥፍ ያድጋል። ሲሲሊን ከዋናው ጣሊያን ለሚያገናኘው የመሲና ድልድይ የታቀደው 3,300 ሜትር ስፓን በዚሁ ሽቦ ቢሠራ፣ ከሚፈቀደው ጉልበት ከአራት እጅ አንድ ተኩል የሚበልጠውን ኬብሉ ለራሱ ይበላዋል።

መውጫው የተሻለ ብረት ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የድልድይ ሽቦ በካሬ ሚሊ ሜትር 160 ኪሎ ግራም ያህል ይችል ነበር፤ በእሱ ቢሆን በየጎኑ ሁለት፣ በድምሩ አራት ኬብል ያስፈልግ ነበር። የጃፓን ብረት አምራቾች ሲሊከን ጨምረው 180 ኪሎ ግራም የሚችል ሽቦ አወጡ። አቃጆቹም የጥንቃቄ መጠባበቂያውን ከ2.5 እጥፍ ወደ 2.2 እጥፍ አወረዱት። ይህ ድፍረት ይመስላል፤ ምክንያቱ ግን ጥሩ ነው። ኬብሉ ላይ ካለው ጫና መኪኖቹ የሚያመጡት አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ቀሪው የድልድዩ የራሱ ክብደት ነው፤ እሱ ደግሞ ተመዝኖ የሚታወቅ ነገር ነው። መጠባበቂያ የሚበዛው የማይታወቅ ጭነት ሲበዛ ነው።

በዕቅዱ መጀመሪያ ላይ ድልድዩ ባቡርም እንዲሸከም ታስቦ ነበር፤ በ1985 ለመኪና ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። እዚያው መስመር ላይ አዋጂን ከሺኮኩ የሚያገናኘው የኦናሩቶ ድልድይ ግን በዚያው ዓመት ለፈጣን ባቡር የሚሆን የታች ወለል ይዞ ተከፈተ። ባቡሩ አልመጣም፤ ወለሉ ዛሬ ጎብኚዎች በመስታወት የናሩቶን አዙሪት ቁልቁል የሚያዩበት መተላለፊያ ሆኗል። የአንድ መስመር ሁለት ድልድዮች በተለያየ ዕቅድ ሲሠሩ የሚመጣው ኪሳራ ይህ ነው።

የመጀመሪያውን ገመድ ማሻገርም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነበር። በተለመደው አሠራር ገመዱ በጀልባ እየተጎተተ ይሻገራል፤ ለዚህም የመርከብ መስመሩ መዘጋት አለበት። 1,400 መርከብ የሚያልፍበትን ሰርጥ መዝጋት ስለማይታሰብ በኖቬምበር 1993 ሄሊኮፕተር 10 ሚሊ ሜትር የምትወፍር የፋይበር ገመድ ከማማ ማማ ይዞ ተሻገረ። በዚያች ቀጭን ገመድ ወፍራሙ ተሳበ፣ በወፍራሙ የሠራተኞች መሸጋገሪያ ተዘረጋ፣ ከዚያ የኬብሉ እሽጎች አንድ በአንድ ተጎተቱ።

ንፋስ

በኖቬምበር 7 ቀን 1940 አሜሪካ ውስጥ የታኮማ ድልድይ በተከፈተ በአራት ወሩ ተጠማዝዞ ሲፈርስ ንፋሱ በሴኮንድ 19 ሜትር ያህል ነበር። አውሎ ነፋስ አልነበረም። ወለሉ ቀጭንና ጎኑ ድፍን ስለነበር ንፋሱ ሲያጠማዝዘው መጠማዘዙ ንፋሱን መልሶ ያግዘው ነበር። ከዚያ ወዲህ የረጅም ድልድይ ወለል ሲነደፍ የሚጠየቀው “ንፋሱ ይገፋዋል ወይ?” ብቻ አይደለም፤ “ሲገፋው በሚያደርገው እንቅስቃሴ ከንፋሱ ተጨማሪ ጉልበት ይወስዳል ወይ?” የሚል ነው።

የአካሺ ወለል 35.5 ሜትር ስፋትና 14 ሜትር ቁመት ያለው፣ በሰያፍ ብረቶች የተያያዘ ክፍት ማዕቀፍ ነው። ንፋስ በመሀሉ ያልፋል። የመኪና መንገዱም ድፍን አይደለም፤ መሀሉና ዳሩ ላይ የብረት ፍርግርግ አለ፣ ከላይና ከታች ያለው የአየር ግፊት በእሱ በኩል ይመጣጠናል። በማዕከላዊው ስፓን ከመንገዱ ሥር ቀጥ ያለ ሳንቃም ተጨምሯል። ለሙከራው ጹኩባ ላይ 41 ሜትር ስፋት ያለው የንፋስ መሞከሪያ ዋሻ ተሠርቶ የድልድዩ አንድ መቶኛ የሆነ፣ 40 ሜትር የሚረዝም ሞዴል ተፈተነ። ከወለሉ አንድ ቁራጭ ወስዶ መፈተን ያልበቃው ድልድዩ በከባድ ንፋስ ወደ ጎን እስከ 27 ሜትር ስለሚሄድ ነው፤ ወለሉ እዚያ ሲደርስ ዘንበል ይላል፣ ንፋሱም ሌላ ማዕዘን ያገኛል። ድልድዩ በሴኮንድ እስከ 78 ሜትር በሚደርስ ንፋስ እንዳይርገበገብ ተረጋግጧል። ማማዎቹም እንዳይወዛወዙ በእያንዳንዳቸው ውስጥ 20 ፔንዱለሞች ተሰቅለዋል፤ ማማው ወደ ግራ ሲሄድ እነሱ ወደ ቀኝ ይጎትታሉ።

ዴንማርኮች በዚያው በ1998 የሼላን ደሴትን ከስፕሮጎ ደሴት ያገናኙበት የታላቁ ቤልት ሰርጥ ምሥራቃዊ ድልድይ 1,624 ሜትር ስፓን ያለው ሲሆን ወለሉ ክፍት ማዕቀፍ ሳይሆን ንፋስ የሚንሸራተትበት ድፍን የብረት ሣጥን ነው። ቀላልና ርካሽ ነው፤ ግን ሥራው ሲያልቅ በመጠነኛ ንፋስ ወለሉ ወደ ላይና ወደ ታች መዋለል ጀመረ። ከሣጥኑ ሥር አየር የሚመሩ ጠማማ ሳንቃዎች ተገጥመው ቆመ። ትንሽ ነገር ነበር፤ መጠነኛ ንፋስም ከአውሎ ነፋስ እኩል መፈተን እንዳለበት ግን ያሳያል።

ያልታቀደው አንድ ሜትር

ድልድዩ የተነደፈው 150 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚነሣ 8.5 ደረጃ ያለው የመሬት መንቀጥቀጥ እንዲችል ነው። ጃንዋሪ 17 ቀን 1995፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ላይ የመጣው የኮቤ መንቀጥቀጥ ግን ከሰርጡ አጠገብ ተነሣ። ያን ጊዜ ማማዎቹ ቆመው ኬብሎቹ ተዘርግተው ነበር፤ ወለሉ ገና አልተሰቀለም። ምንም ከባድ ጉዳት አልደረሰም፤ መሬቱ ራሱ ግን ተንሸራተተ። በማማዎቹ መካከል ያለው ርቀት በ0.8 ሜትር፣ በአዋጂ በኩል ያለው የጎን ስፓን በ0.3 ሜትር ረዘመ። 1,990 የነበረው 1,991፣ ጠቅላላው 3,910 የነበረው 3,911 ሜትር ሆነ። ወለሉ ገና በፋብሪካ ስለነበር ክፍሎቹ እንዲረዝሙ ተደረገና ሥራው አንድ ወር ያህል ብቻ ዘገየ። ከመሰቀሉ በኋላ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በዚህ አይቋጭም ነበር። ተንጠልጣይ ድልድይ ለመንቀጥቀጥ አካባቢ የሚመረጠውም ስለማይነቃነቅ ሳይሆን በዝግታ ስለሚወዛወዝ ነው፤ የመሬቱ ፈጣን ንዝረት ከእሱ ዘገምተኛ ውዝዋዜ ጋር አይገጥምም።

ከውሃው በላይ ያለው ክርክር

ከድልድዩ ሥር ለመርከብ የሚተወው ከፍታ የምሕንድስና ብቻ ሳይሆን የሕግም ጉዳይ ነው። በአካሺም በታላቁ ቤልትም 65 ሜትር ነው። ፊንላንድ በ1991 ዴንማርክን ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት አቆመቻት፤ ፊንላንድ ውስጥ የሚሠሩ ረጃጅም የባሕር ነዳጅ መቆፈሪያዎች በ65 ሜትር ሥር ማለፍ አይችሉም ነበርና። በ1992 ዴንማርክ 90 ሚሊዮን ክሮነር ከፍላ ጉዳዩ በስምምነት ተዘጋ። በሰርጡ የሚጠቀሙ ጎረቤት አገሮች ካሉ ይህን ከፍታ ቁፋሮ ሳይጀመር መነጋገር ይሻላል።

ዴንማርኮች ሌላም ግዴታ ነበረባቸው፤ ወደ ባልቲክ ባሕር የሚገባው የውሃ መጠን እንዳይቀንስ። እግሮቹ የሚዘጉትን ያህል ወለሉ ላይ ተቆፍሮ ተካክሷል። መርከብ ሊገጭ የሚችለውን ጉልበትም ማስላት ይገባል፤ በማርች 2005 አንድ የጭነት መርከብ የታላቁ ቤልትን ዝቅተኛውን ምዕራባዊ ድልድይ ገጭቶ ከሠራተኞቹ አንዱ ሞተ። መርከቡ ያለፈው በትክክለኛው መስመር ቢሆን ኖሮ ወደዚያ ድልድይ አይደርስም ነበር። ዲዛይን ሲሠራ መሪዎቹ ሁሉ ንቁ እንደሆኑ መገመት እንደማይቻል ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

ገንዘቡ

የአካሺ ድልድይ 500 ቢሊዮን የን ያህል ፈጀ። ገንዘቡ ተበድሮ ከመኪኖች በሚሰበሰብ ክፍያ እንዲመለስ ታስቦ ነበር። የሚያሻግሩ መስመሮች ሦስት ሆኑ፤ ተሻጋሪው ግን በዚያው ልክ ሦስት እጥፍ አልሆነም። ክፍያው ውድ ስለነበር ብዙ ሾፌር መርከቡን መረጠ፣ ወለዱ ከገቢው ቀደመ፤ በመጨረሻ በ2003 መንግሥት ወደ 1.3 ትሪሊዮን የን የሚሆነውን የባለሥልጣኑን ዕዳ በራሱ ላይ ወሰደ። ባለሥልጣኑም በ2005 ወደ ኩባንያነት ተለወጠ። በምሕንድስናው በኩል አንድ ሚሊ ሜትር ሳይቀር የተሰላበት ፕሮጀክት የትራፊክ ግምቱ እንዲህ መራቁ የሚያስገርም አይደለም፤ ስለ ብረት የሚዋሽ ቁጥር ቶሎ ይጋለጣል፣ ስለ ትራፊክ የሚዋሽ ቁጥር ግን ድልድዩ እስኪከፈት ድረስ ደጋፊ አያጣም።

የሺኮኩ ነጋዴዎችም ሌላ ነገር አዩ። ድልድዩ ገበያተኛ ያመጣልናል ሲሉ የእነሱ ደንበኛ ለግብይት ወደ ኮቤና ኦሳካ መሻገር ጀመረ። ጃፓኖች ይህን “የገለባ መምጠጫ ውጤት” ይሉታል፤ ትልቁ ከተማ ትንሹን በቀጭኑ ቱቦ ይመጠዋል። ክፍያው ሲቀንስ ደግሞ የመርከብ ድርጅቶቹ ተዳከሙ፤ ከሆንሹው የኡኖ ወደብ ወደ ሺኮኩው ታካማትሱ ይመላለስ የነበረው የመርከብ አገልግሎት በዲሴምበር 2019 ቆመ።

ወጪው በምረቃው ቀን አያልቅም። ከአካሺ በፊት የተሠሩ ድልድዮች ኬብሎች ተከፍተው ሲታዩ፣ ከላይ የተቀባው ቀለም ደህና ሆኖ ሳለ ውስጡ ያሉት ሽቦዎች መዝገግ ጀምረው ተገኙ። እርጥበቱ ከግንባታው ጊዜ ጀምሮ ውስጥ ታምቆ ቀርቶ ነበር። ስለዚህ በአካሺ ኬብሉ በጎማ ተጠቅልሎ በውስጡ ደረቅ አየር ያለማቋረጥ እንዲነፍስ ተደረገ። የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ በታች ከሆነ ሽቦው አይዝግም። ማሽኑ ግን መብራት ይፈልጋል፣ ማጣሪያው ይቀየራል፣ መጠቅለያው በየጊዜው ይፈተሻል። ዋና ኬብል እንደ ሌላው ክፍል አውጥቶ መለወጥ ስለማይቻል በዚህ ወጪ ላይ መቆጠብ አይሞከርም።

አንድ ነገር ደግሞ ከዕቅዱ ወጥቷል። በአካሺ ድልድይ ላይ ስድስት የመኪና መስመሮች አሉ፤ ለእግረኛ፣ ለብስክሌትና ለትንንሽ ሞተር ሳይክል የሚሆን ግን የለም። በምዕራባዊው መስመር ድልድዮች ላይ የብስክሌት መንገድ አብሮ ስለተሠራ ዛሬ የባሕር ማዶ ጎብኚ ሳይቀር ይመጣበታል። መኪና የሌለው የአዋጂ ሰው ወይ አውቶቡስ ይሳፈራል፣ ወይም ከኢዋያ ወደ አካሺ ከተማ በድልድዩ ሥር የምትመላለሰውን ትንሽ የመንገደኞች ጀልባ ይይዛል፤ ብስክሌቱን የምታሻግርለትም እሷ ናት።